መዝገቡ ለኮምፒውተር፣ ሠልጣኟ ለአሠልጣኟ

ልብስ ስፌት ፋብሪካ የገባች ሠልጣኝ መጀመሪያ የምትሰፋው ጨርቅ ሳይሆን ወረቀት ነው። መርፌው ላይ ክር አይገባም። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ቀጥሎ ማዕዘን፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ታትሟል፤ ሥራዋ እግሯን ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኗን መርፌው ላይ አድርጋ ያንን መስመር ሳትለቅ መንዳት ነው። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ማየት ይበቃል። ቀዳዳዎቹ መስመሩን ተከትለው ከሄዱ እጅና እግሯ ተግባብተዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ከመስመሩ አልፈው ከሄዱ ፔዳሉን በጊዜ መልቀቅ ገና አልለመደችም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ፈተና ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄው አይሰረቅም፣ አራሚው አያዳላም፣ ውጤቱን ለማወቅ ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ችግሩ ከፈተናው በኋላ ያለው ነው። ቤቷ የእግር መኪና ስትረግጥ ያደገች ልጅ ይህን ወረቀት በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። ሞተር ያለው ማሽን ነክታ የማታውቀው ጎረቤቷ ሦስት ቀን ሊፈጅባት ይችላል። በጅምላ የሚሰጥ ሥልጠና ግን ሁለቱንም እኩል ቀን አስቀምጦ እኩል ቀን ያስነሳቸዋል፤ አንደኛዋ የተረፋትን ቀን ስታዛጋ ትውላለች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሳይገባት ወደ ማምረቻ መስመሩ፣ ወደ ላይን፣ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ላይን ላይ ስትቀመጥ ከኋላዋ ያለው ሥራ ይከመራል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይጮኻል፣ እሷም "አልችልም" ብላ ታምናለች። ወረቀቱ ግን ያለው "አልችልም" ሳይሆን "ሁለት ቀን ጨምሩልኝ" ነበር።

ይህን የማነሳው ስለ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ የተወራለት በአቀማመጡ ነበር፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የፍጥነት መንገዱም ከተማዋን ይነኳታል። ሸቀጥ የሚጓዝበት መንገድ ላይ ብዙ አስበንበታል። የእጅ ሥራ የሚጓዝበት መንገድ ላይ ግን ያን ያህል አልተከራከርንም። በፓርኩ በር የሚገቡት ወጣቶች አንድ ክፍል ተማሪ አይደሉም። ከከተማዋ ሠፈሮች፣ ከምሥራቅ ሸዋና ከአርሲ ወረዳዎች፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ ይመጣሉ፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናት አለች፣ አማርኛ የሚቀናት አለች። አንዷ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች፣ ሌላዋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ይህችኛዋም ብትሆን የክፍሉ ቁጥር ምን ያህል እንደምታውቅ አይነግረንም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል የተሸጋገሩት ዓመቱ ስላለቀ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱም የሚጠብቃቸው ያው በቀን የሚቆጠር ሥልጠና ከሆነ ታሪኩ ይደገማል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የሥልጠናው ፍጥነት ለሠልጣኟ ይተው፤ ኮምፒውተር ደግሞ መዝገብ ያዥ ይሁን። ማን የትኛውን ደረጃ አለፈች፣ ማን የት ላይ ተያዘች፣ ለማን ቀጥሎ ምን ይሰጣት፤ ይህን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መቁጠር ለሰው አእምሮ ከባድ፣ ለኮምፒውተር ግን ቀላል ሥራ ነው። አሠልጣኟ ከመዝገቡና ከጅምላው ገለጻ ከተገላገለች ለሌላው ሥራ፣ ማለትም ከተያዘችው ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጇን ለማየት ጊዜ ታገኛለች። ይህ ተገልብጦ ሲሠራ ማለትም ማሽኑ ሲያስተምር ሰውየው ቆሞ ሲያይ ውጤቱ ምን እንደሚሆን በአገራችን አይተነዋል፤ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ፋሽን የሚመስለው ካለ የአብነት ትምህርት ቤቱን ያስታውስ። አንድ ዛፍ ሥር አንዱ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ውርድ ንባብ ላይ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ዳዊት ይደግማል። ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው "ምን ላይ ደረስህ?" ነው። የቀደመው የተከተለውን ያስቀጽላል፤ የኔታ እያንዳንዱን ለብቻው ሰምተው፣ ካልጠራለት "ድገመው"፣ ከጠራለት "እለፍ" ይሉታል። በቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ይዞ ለኡስታዙ ካሰማ በኋላ ነው ሉሁ ታጥቦ ቀጣዩ የሚጻፍለት። ቤንጃሚን ብሉምና ፍሬድ ኬለር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1968 በየፊናቸው የጻፉት፣ በዓለም የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ትልቅ ስም ያገኘው ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ጊዜው ይለያይ፣ የሚደረስበት ደረጃ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። የእኛው አሠራር ደካማ ጎኑ መዝገቡ ያለው በየኔታ ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው። ለሠላሳ ልጅ ይበቃል፤ ለሦስት መቶ አይበቃም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የብዛቱን ነገር በደወልና በክፍል ፈታው፤ ዋጋው ደግሞ የእያንዳንዱ ልጅ ፍጥነት መጥፋቱ ነበር። ኮምፒውተር እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ብዛትንና የግል ፍጥነትን አንድ ላይ ለመያዝ ነው። ከዚያ በላይ ብዙ ተአምር አልጠብቅበትም።

ይህ ደግሞ በሥራ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሜምፊስ አጠገብ በነበረው የቴክኒክ ማሠልጠኛው በሺዎች የሚቆጠሩ ምልምሎችን በዚህ ዘዴ ያስተምር ነበር። ሠልጣኞቹ የሚያነቡት ከስክሪን ላይ አልነበረም፤ በወረቀት የተዘጋጀ ሞጁል ይዘው በየግላቸው ይሠሩና አንዱን ሲጨርሱ መልስ መስጫ ወረቀት ይሞላሉ፣ ማሽን ያነበዋል፣ ማዕከል ያለው ኮምፒውተር አርሞ "ይህን ድገም" ወይም "ወደሚቀጥለው እለፍ" የሚል ትእዛዝ ያወጣል። ኮምፒውተሩ የኔታን ተክቶ አይደለም የሠራው፤ የኔታ በጭንቅላታቸው የሚይዙትን መዝገብ ነው የያዘው። ኦርላንስኪና ስትሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በልዩ ልዩ የጦር ኃይል ማሠልጠኛዎች የተደረጉ መሰል ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ሠልጣኞቹ ያንኑ ያህል እያወቁ የሥልጠናው ጊዜ 30 በመቶ ገደማ እንዳጠረ አገኙ። በዚሁ ጥናት ውስጥ ለኮምፒውተር ሻጮች የማይመች ነገርም አለ፤ ጊዜው ያጠረው በአብዛኛው ሠልጣኙ በራሱ ፍጥነት በመሄዱ ነው እንጂ በማሽኑ ጥበብ አይደለም። አሠልጣኞቹም አሠራሩን ብዙም አልወደዱትም። ሁለቱንም ነገሮች ልብ ልንላቸው ይገባል፤ የመጀመሪያው ገንዘባችንን የት ላይ ማውጣት እንደሌለብን ይነግረናል፣ ሁለተኛው ደግሞ የት ላይ ልንወድቅ እንደምንችል።

አሁን ወደ ተገለበጠው አሠራር ልመለስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተተከለውን ፕላዝማ የማያስታውስ አንባቢ ጥቂት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት፣ በአንድ ሰዓት ለአገሩ ሁሉ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረውን ጊዜ ከተማሪው ጋር ቆሞ ያያል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የፊዚክስ መምህር ለሌለው ወረዳ ጥሩ የፊዚክስ መምህር ለማድረስ ነው። ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው "አሁን መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ" ብሎ ሲጠብቅ የሚጠብቀው ለሐዋሳም ለጎንደርም ለአዳማም እኩል ሴኮንድ ነው። ያልገባው ተማሪ ቁም ማለት አይችልም፣ የገባውም ቀድሞ መሄድ አይችልም። ከአንድ መምህር ደወል ወጥተን የአገሪቱ ሁሉ ደወል ውስጥ ገባን ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ ሳተላይቱ ለማንም አይመለስም።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ለአዳማ የቅርብ ጎረቤት ነው። ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለንጪቲ አካባቢና በወንጪ እ.ኤ.አ. በ2012 "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልተመደበም። ለጎልማሶቹ ባትሪ መሙላት ተነገራቸው እንጂ ለልጆቹ ማንም ምንም አላሳያቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንዳሉት፣ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ፣ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚህ ሙከራ የምወስደው አንድ ትምህርት ልጆቹ ማሽኑን አለመፍራታቸው ነው፤ የሕፃን እጅ ያልፈራውን የሃያ ዓመት ወጣት ትፈራዋለች ማለት አያስኬድም። ሌላውን ትምህርት ግን ዜናው ብዙም አላወራለትም። ታብሌቶቹ ልጆቹ የነኩትን ሁሉ ይመዘግቡ ነበር፤ በየሳምንቱ ባለሙያ እየመጣ ማኅደረ ትውስታውን ቀይሮ ይወስዳል፣ መረጃውም ባሕር ማዶ ላሉ ተመራማሪዎች ይላካል። መዝገብ ነበር፤ ግን መዝገቡን አይቶ በማግስቱ "አንቺ እዚህ ላይ ተይዘሻል፣ ነይ አብረን እንየው" የሚል ሰው በወለንጪቲ እንዲኖር ሆኖ የታቀደ አልነበረም። የሚማሩትም በእናታቸው ቋንቋ አልነበረም።

መዝገቡም ሰውም አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዴልሂ ላይ ታይቷል። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ማይንድስፓርክ የተባለ ፕሮግራም በሚሰጥባቸው የማጠናከሪያ ማዕከላት የተማሩ የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዕጣ ካልገቡት ጋር አነጻጽሯል። ልጆቹ ግማሹን ሰዓት በኮምፒውተር በየራሳቸው ደረጃ ይሠራሉ፣ ግማሹን ደግሞ በትንሽ ቡድን ከረዳት መምህር ጋር ያሳልፋሉ። በአራት ወር ተኩል ውስጥ የሂሳብ መሻሻላቸው ዕጣው ካልወጣላቸው ልጆች ከእጥፍ በላይ ነበር። በንጽጽር ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ደግሞ ወደ ኋላ የቀሩት ናቸው፤ ምክንያቱም በመደበኛው ክፍል ውስጥ ስድስተኛ ክፍል የተቀመጠ ነገር ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ የተያዘ ልጅ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት የሚያገኘው ነገር የለም። የእኛ ሠልጣኝም እንዲሁ ናት። ማዕዘን ላይ የተያዘችውን ልጅ የሸሚዝ ኮሌታ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

"በራስ ፍጥነት" የሚለውን ቃል ግን ሰዎች ለሁለት የተለያየ ነገር ይጠቀሙበታል፤ አንዱ የኔታ ያሉበት፣ ሌላው ማንም የሌለበት። የኋለኛው ዛሬ እጅግ የረከሰ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ኮርስ አስቀምጦ "በፈለጋችሁት ጊዜ ተማሩ" ማለት። ጀስቲን ራይክና ባልደረባው የሃርቫርድንና የኤምአይቲን የኢንተርኔት ኮርሶች መዝገብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 እንደጻፉት፣ በ2017–18 ከተመዘገቡት ሁሉ የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ለሰርተፊኬቱ ገንዘብ ከፍለው ከተመዘገቡት ግን 46 በመቶ ጨርሰዋል። ልዩነቱ የትምህርቱ ጥራት አይደለም፤ ትምህርቱ አንድ ነው። የሚጠብቃቸው ነገር መኖሩ ነው፣ የጨረሱት ቀድሞውንም የቆረጡ ሰዎች ሊሆኑ መቻላቸውም እንዳለ ሆኖ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኢንተርኔት ሥልጠና ኢኒሼቲቭም በዚሁ በራስ ፍጥነት መርሕ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመዘን ስንት ሰው ተመዘገበ ከሚለው ይልቅ የት የት ላይ እንደሚቆሙና ሲቆሙ ማን እንደሚደውልላቸው መጠየቅ ይሻላል። ፋብሪካ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው፤ ሠልጣኟ ጠዋት በሰዓቷ ትመጣለች፣ አጠገቧ ሰው አለ፣ ደመወዟም የሚከፈላት ለመማር ጭምር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት ውጪ "ቤትሽ ሄደሽ ስልክሽ ላይ እዪው" ከተባለ ከወዲሁ እቃወመዋለሁ። ያ በራስ ፍጥነት ሳይሆን በራስ ወጪ ነው።

ዝግታ ደግሞ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ አድርጎታል። ይህ ቁጥር ለሥልጠናው ተፈጥሯዊ አጥር ሊሆን ይችላል፤ ከውስጡ ግን ማን በ10 ቀን፣ ማን በ25፣ ማን በ40 ትውጣ የሚለውን መወሰን የወረቀቱ ሥራ ነው። እንዴት ይሆናል ለሚለኝ፦ የሥልጠና ክፍሉ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ታብሌት ይቀመጥ፣ ለሃያ ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ መልመጃ ወረቀት ቁጥር አለው። ሠልጣኟ ጀመርኩ፣ ጨረስኩ ትላለች፤ አሠልጣኟ ቀዳዳዎቹን አይታ አልፋለች ወይም ትድገም የሚለውን ትነካለች። ታብሌቱ ቀጣዩን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በድምፅም ጭምር ይነግራታል፤ ማንበብ የሚከብዳት ልጅ እንዳታፍር። አንዱን መልመጃ ሦስት ጊዜ የደገመች ልጅ ስሟ በአሠልጣኟ ገጽ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማለትም ጠዋት አሠልጣኟ ክፍሉን ስትከፍት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ማታ ሲገኝ ይላክ፣ ካልተገኘ ነገ። መብራት ቢጠፋ ታብሌቱ በባትሪው ይቆያል። ወለንጪቲ ላይ በፀሐይ የሠራ ነገር ፓርክ ውስጥ አይሠራም የሚለኝ ካለ ሌላ ምክንያት ይፈልግ። ለነገሩ ልብስ ፋብሪካዎች መቁጠር አዲስ አይሆንባቸውም። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሩ የሰዓት መቁጠሪያ ይዞ አንዲት ኦፕሬተር ኪስ ለመስፋት ስንት ሴኮንድ እንደፈጀባት ይመዘግባል፤ ማን የትኛውን ኦፕሬሽን እንደምትችል የሚያሳይ ስኪል ማትሪክስ የሚባል ሰንጠረዥም ይያዛል። ሴኮንዷን ለታርጌት የሚቆጥር ፋብሪካ ቀኗን ለትምህርቷ ለመቁጠር አቅም አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ "ለምን ላሠልጥን? ነገ ጥላኝ ትሄዳለች።" ይህ እውነት አለው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ አምስት ድርጅቶች የፋብሪካ ሥራ በዕጣ የደረሳቸውን አመልካቾች ተከታትለው ሲጽፉ፣ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን መልቀቃቸውን አግኝተዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የሐዋሳ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ ደመወዙና የቤት ኪራዩ ሳይገናኝ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ይህን ማንም ታብሌት አይፈታውም፣ ይፈታዋል ብሎ የሚሸጥልን ካለም ቀማኛ ነው። ግን ከዚሁ ቁጥር ውስጥ ሌላ ነገር ይታየኛል። በየዓመቱ ሠራተኛው ሁሉ የሚቀየርበት ቦታ ሥልጠና የማያቆም ሥራ ነው፤ በር ላይ የሚደርሱትም በቡድን ሳይሆን ዛሬ ሦስት፣ ከነገ ወዲያ አምስት ሆነው ነው። በቡድን የሚጀምር ሥልጠና ሰዎቹ እስኪሞሉ ይጠብቃል ወይም ያልሞሉትን ያንጠባጥባል፤ በራስ ፍጥነት የሚሄደው ግን በማንኛውም ጠዋት ይጀመራል። በመጀመሪያው ወር ከሚለቁት መካከል ደግሞ ሳይገባቸው ላይን ላይ የተቀመጡ እንዳሉ መገመት ከባድ አይደለም። በዚያ ላይ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው ከአጎዋ ከወጣንበት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገበያ የሚፈልጉ ፋብሪካዎች ከአንድ የልብስ ዓይነት ወደ ሌላ መዞር ግድ ሊሆንባቸው ይችላል፤ ቲሸርት ስትሰፋ የኖረች ኦፕሬተር ሱሪ ስትጀምር ከዜሮ ሳይሆን ከሚጎድላት ኦፕሬሽን ብቻ መጀመር አለባት፣ የሚጎድላትን ለማወቅም የምትችለው የተጻፈበት መዝገብ ያስፈልጋል።

ለዚህም ነው መዝገቡ የፋብሪካው ንብረት እንዳይሆን የምከራከረው። ፋብሪካው ይጠቀምበት፣ ባለቤቷ ግን ልጅቷ ትሁን፤ አያያዙም በፓርኩ ወይም በከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ተቋም በኩል ይሁን። ከአንዱ ሼድ ወጥታ ሌላው ሼድ ስትቀጠር መዝገቧ አብሯት ከሄደ የመጀመሪያው አሠሪ ያወጣው ወጪ ለፓርኩ ሁሉ ይተርፋል፤ ሁለተኛው ያሠለጠናትም እንዲሁ ወደ መጀመሪያው ትመጣለች። የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው፣ እዚህ ላይ ሊገጥም ይችላል፤ አንድ ቀን ተቀምጣ የምትፈተነው ፈተና ብቻ ሳይሆን ያለፈቻቸው መልመጃዎች ቢቆጠሩላት። አሠሪዎች ይህን አይወዱትም፣ ምክንያቱም ያሠለጠኑትን ጎረቤት ይነጥቀናል ብለው ይፈራሉ። ይነጥቃቸዋል። አሁንም እየተነጠቁ ነው፤ አሁን ግን የተነጠቀችው ልጅ አዲሱ ቦታ ሄዳ እንደገና ከቀጥታ መስመር ትጀምራለች።

ከሠራተኛዋ በኩል የሚነሳውን ፍርሃት ደግሞ የበለጠ አከብረዋለሁ። ይህ መዝገብ ነገ የስለላ መዝገብ እንዳይሆን፤ "ማዕዘን ላይ አምስት ጊዜ ወድቃለች" የሚለው የማሰናበቻ ምክንያት እንዳይሆን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ለሌላ እንዳይውል መርሕ አስቀምጧል፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አዋጁ ሥልጠና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካልደረሰ ማንም አያነበውም። ቀላሉ መከላከያ አሠራሩ ውስጥ መገንባት ነው፦ የላይን ሱፐርቫይዘሩ ማየት ያለበት ያለፈችውን ብቻ ይሁን፤ ስንት ጊዜ እንደደገመች የሚያዩት እሷና አሠልጣኟ ብቻ ይሁኑ። ቁርአን ቤት ሉሁ ይታጠባል። ልጁ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ሉሁ ላይ አይቀርም፤ የሚቀረው የያዘው ነው። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ድግግሞሿ እንደሚቆጠርባት ያወቀች ሠልጣኝ ገና ሳትለምድ "ገብቶኛል" ማለት ትጀምራለች፣ ያን ጊዜ መዝገቡ ለማንም አይጠቅምም።

ከሁሉ የከበደኝ የአሠልጣኟ ነገር ነው። የጦር ማሠልጠኛዎቹ አሠልጣኞች አሠራሩን ያልወደዱት ሰነፎች ስለነበሩ አይመስለኝም። ክፍል ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው ክብሩ ያለው ከሰሌዳው ፊት ነው፤ ሰሌዳውን ነጥቀህ የኮምፒውተር ትእዛዝ አስፈጻሚ ካደረግኸው ይከፋዋል፣ ቢከፋውም አይፈረድበትም። በየጠረጴዛው ዞሮ የእያንዳንዷን እጅ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ገለጻ ከመስጠት ይከብዳል። አዳማ ይህን ሙያ ለማስተማር ጥሩ ቅርስ አላት። የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተከፍቶ፣ በኋላ ለቴክኒክና ሙያ የሚሆኑ መምህራንን ማሠልጠን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ከተማው አንድ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ ፓርኩ በባጃጅ ተይዞ ይደረሳል። ለታብሌት ከሚወጣው ገንዘብ ቢያንስ እኩሉ ለእነዚህ አሠልጣኞች ሥልጠናና ጭማሪ ካልተመደበ ታብሌቶቹ የት እንደሚገቡ አሁኑኑ መናገር ይቻላል፤ ብዙ የፕላዝማ ስክሪኖች የገቡበት ዕቃ ቤት ውስጥ።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ነገርም አለ። በአንድ ሼድ ውስጥ ግማሾቹ ሠልጣኞች በተለመደው መንገድ፣ ግማሾቹ በራሳቸው ፍጥነት ሠልጥነው፣ ታርጌት እስኪመቱ የፈጀባቸው ቀንና ከሦስት ወር በኋላ ሥራ ላይ የቀሩት ቁጥር ቢነጻጸርና ልዩነት ባይታይ፣ ይህን ጽሑፍ አጠፋዋለሁ። ሙከራው ሚሊዮኖች አይጠይቅም። እንደውም የመጀመሪያው ወር ያለ ታብሌት ሊያልፍ ይችላል፤ በጦር ማሠልጠኛዎቹ ጊዜውን ያሳጠረው በዋናነት ማሽኑ እንዳልነበረ አይተናል። ልጅቷ ወረቀቱን ስትወስድ ጥጉ ላይ ስሟንና ሰዓቱን ትጻፍ፣ ስትመልስም ሰዓቱን ትጻፍበት፣ አሠልጣኟ ከፋይል ታስገባው። ታብሌቱ የሚገዛው ፋይሉ ወፍሮ አሠልጣኟ ማን የት እንደደረሰች ከውስጡ ለማግኘት መቸገር በጀመረች ሳምንት ነው።